አሥረኛው ቀን፣ አሥራ ሁለተኛው ወር

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ናዝሬት፣

እንደምን ከርመሻል? የእሙዬ ጉልበት እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጋሽ አብኔርስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ልጆቹን አላሳለብኝም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወባም ዘንድሮ አንዴ ብቻ ጎብኝታኝ ሄዳለች።

ባለፈው ደብዳቤዬ "ለእሙዬ እንዳትነግሪያት እንጂ ስለ ሩፋኤል የምሥራች ሳይኖረኝ አይቀርም" ብዬሽ ነበር። ነገር ሆድሽ ውስጥ አያድርምና ነግረሻታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሁሉን ከሥሩ ልጻፍልሽ።

ክልል ከሆንን ወዲህ ትምህርት ቢሮው መጻሕፍት ቁጠር ብሎ ወንድማችን ሩፋኤል ያስተምርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ላከኝ። እዚያ ምስጥ የጀመረው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አገኘሁ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርክ። እኔም እንደ ሩፋኤል የዚህ ዓይነት መጽሐፍ እንደምወድ ታውቂያለሽ። ያ ጉም፣ ያ የጋዝ ፋኖስ፣ የማይታይ ፈረስ ኮቴ! ባሮ ዳር በላብ ተጠምቄ ሳነበው ይበርደኛል። ከሁሉ የምወደው ግን መጨረሻውን ነው። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ ሟቹ መቼ፣ እንዴት፣ ለምን እንደሞተ ይናገራል። እኛ ቤት የመጣው ግን "ታኅሣሥ 15 ቀን 1982 በወባ አረፈ፤ እዚሁ ተቀብሯል" የሚል ቁራጭ ወረቀት ነው። እሙዬም "ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም" ብላ ይኸው ስድስት ዓመት ሊሞላ፣ ጥቁር አልለበሰች፣ ተዝካር አላወጣች።

መጽሐፉን ስገልጥ ዳሩ ላይ የሩፋኤል የእርሳስ ጽሕፈት! "ገዳዩ ሐኪሙ ነው" ይላል። ከጀርባው ባለው የውሰት ካርድ ላይ ስሙ ከነፊርማው አለ፤ ቀኑ 10/12፣ ዓመት የለውም። ነሐሴ አሥር ማለት ነው። እሱ ጋምቤላን የረገጠው በ1982 ጥቅምት ነው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሞተ የተባለ ሰው እንዴት ነሐሴ ላይ መጽሐፍ ይዋሳል? ያን ዕለት ነው የጻፍኩልሽ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ ረጅም ቀጭን ሰው ከኋላ ባየሁ ቁጥር ተከትዬ እየሮጥኩ ስንቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰው ሲያስል ስሰማ የሱ ሳል ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ካርዱን የጻፉትን የቤተ መጻሕፍቱን ጡረተኛ፣ አቶ አባንግን፣ ኢታንግ ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። ካርዱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። የተማሩት ሱዳን፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ ወር የሚጽፉት በፈረንጅ መሆኑን ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ማለት ዲሴምበር ነው፤ ቀኑም በእኛ ታኅሣሥ አንድ። እትዬ፣ ወንድማችን ያን ጊዜ ሁለተኛ ሞተብኝ።

ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም። ሩፋኤል በትኩሳቱ ማንበብ ሲያቅተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያነቡለት የነበሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ምዕራፍ ሲቀር አረፈ። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መልሰው ዳግመኛ አልገለጡትም፤ ገዳዩንም አያውቁትም።

አብረን ወደ ጋምቤላ ተመልሰን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስም ያልተጻፈበትን መቃብሩን አሳዩኝ። ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብዬ የቀረችውን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሐኪሙ አይደለም፤ ሰዓት ሠሪው ነው፣ የሟቹን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ሁሉን ያሳሳተው። "ተሳስተሃል ሩፌ" አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አቶ አባንግም እንባቸውን እየጠረጉ እሳቸውም ሐኪሙን ጠርጥረው እንደነበር ነገሩኝ።

እንግዲህ ለእሙዬ ንገሪያት። ሬሳውን ባታይም አጠገቡ ሰው ነበረ፤ ብቻውን አልሞተም። ተዝካሩን ታውጣ፤ እኔም ለጥምቀት እደርሳለሁ። ካርዱ ላይ በስሙ አንጻር የመመለሻው ቦታ ባዶ ነበር። "ተመልሷል" ብዬ ሞላሁለት።

የእሙዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሽ አብኔርን እጅ እነሳለሁ፤ ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ወልደሥላሴ
ጋምቤላ
ኅዳር 24 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር