በጪጩ ገበያ ቀን ስለተለቀቀው ውሃና ስለ ወይዘሮ ሀጅራ ጨው

ዲላ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወንድይራድ
የፊታውራሪ በዛብህ የኪራይ ቤቶች ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ከወገቤም ዝቅ ብዬ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። የጪጩ መንገድ አቧራ የቀሰቀሰብዎ ሳል ተሽሎዎት እንደሆነ፣ ባለፈው ሳምንት በግቢያችን ጭቃ የተበላሸው ቡናማ ጫማዎም ደርቆ ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመልሶ እንደሆነ፣ ተከራዩ ሁሉ ለማወቅ ይናፍቃል። እኛ በበኩላችን፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን፤ ውሃ የለንም እንጂ ጤና አለን።

ምናልባት ካልዘነጉኝ፣ እኔ ከግቢው በር በስተግራ ያለችውን ክፍል የተከራየሁት፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደረው ከፈለኝ ወልደዮሐንስ ነኝ። እስከ ዛሬ ለእርስዎ የጻፍኩት ሁሉ በሌላ ሰው ስም ነበር፤ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በግቢው በር ላይ የምለጥፈው፣ እርስዎ ጎረቤቴን ወይዘሮ ሀጅራን «የቤቱን ቧንቧ አበላሽተዋልና እስከ ቅዳሜ ለቀው ይውጡ» ብለው ካዘዙበት ማስታወቂያ ጎን ነው። ማስታወቂያው በውሸት ላይ የቆመ ስለሆነ ብቻውን እንዲቆም መተው ነውር መሰለኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ቅሬታዎቼን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ የውሃው ዋና መዝጊያ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉም በኮትዎ ኪስ መኖሩ ለግቢያችን የማይናቅ ዋስትና መሆኑን አልክድም። ሌባ ሊዘጋብን አይችልም። እርስዎ ለፊታውራሪ ቡና ለመግዛት ወደ ጪጩ በወረዱ ቁጥር ቁልፉም አብሮዎት ገበያ ስለሚውል፣ በጪጩ ገበያ ቀን ውሃ አይለቀቅም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ሆኖም በፍርድ ቤት ደጃፍ በኖርኩበት ዘመን እንደ እሱ ሳይዛነፍ የሚከበር ሕግ አላየሁም። ስለዚህም የግቢው ሰው የመዝጊያውን ቁልፍ ለአንድ አፍታ እንዲያውሱት ለመለመን ከቢሮዎ በር ላይ ከመድረቅ ይልቅ፣ ቧንቧውን በገበያ ቀን መጠገን ለመደ። በሌላ አገር ቧንቧ የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ዋናውን መዝጊያ ይዘጋል አሉ። እኛ ደግሞ አስቀድመን የእርስዎ በቅሎ ከበር መውጣቷን እናያለን፤ በቅሎዋ ወጣች ማለት ውሃው ተዘጋ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ የጋራው ቧንቧ ለምን በወይዘሮ ሀጅራ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደተተከለ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። ወይዘሮ ሀጅራ ባላቸው ካረፉ ወዲህ በጨው ንግድ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ያላቸውም ሀብት በዚያች ክፍል መሬት ላይ የተደረደረው የጨው ጆንያ ብቻ ነው። የቧንቧው መክፈቻ ጎማው አልቆ ውሃ በተለቀቀ ቀን ሁሉ ሲያንጠባጥብ፣ የጭቃው ግድግዳም እየራሰ ሲመጣ፣ ክቡርነትዎ ዘንድ በተደጋጋሚ ተመላልሰው አመለከቱ። ማመልከቻውን የጻፍኩላቸው እኔ ስለነበርኩ፣ «ይታያል» የሚል መልስ ስለሰጡን ዛሬም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከዚያም ወዲህ በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር በደንብ ያዩት እንደነበር እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፤ ይህን ቁጥር በእርስዎ ላይ ልጽፈው ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ እንደገና ጀምሬም ቀደድኩት። ያንን መክፈቻ የፈታው የእኔ እጅ ነው፤ የወይዘሮ ሀጅራ እጅ አይደለም።

ማንም አላስገደደኝም። ማመልከቻዬ ፍሬ ስላላፈራ እልህ ያዘኝና፣ አዲስ መክፈቻ ገዝቼ፣ ፒንሳ ተውሼ፣ የጪጩን ገበያ ቀን ጠበቅሁ። ውሃ እንዳያሾልክ በመክፈቻው ጥርስ ላይ የሚጠቀለለውን የእንሰት ቃጫ እንኳ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ወስጄ ለብቻው አዘጋጅቼ ነበር። በቅሎዎ ወጣች። ወይዘሮ ሀጅራ የሚሸጡትን ያህል ጨው አስጭነው፣ የቀረውን በቤት ትተው በራቸውን ቆልፈው ወደ ገበያ ሲነሱ፣ የግቢው ሰው እየሰማ፣ «ሲመለሱ ቧንቧዎ ዝም ብሎ ይጠብቅዎታል» አልኳቸው። ቆም ብለው፣ «ክፉ አይንካህ» ብለው መረቁኝ።

አሮጌውን መክፈቻ ስፈታው እንደ ልማዱ ጠብታ እንኳ አልወጣም። እኔም እንደ መሐንዲስ ቀና ብዬ፣ ቃጫው በየት በኩል መጠቅለል እንዳለበት ለጎረቤቶቼ እያብራራሁ፣ ሰዓቱን በከንቱ አጠፋሁት። ቶሎ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። ነገር ግን መመስገን ስለምወድ ንግግሬን አስረዘምኩት።

በዚያው ቀን ከይርጋ ዓለም የፊታውራሪ እንግዶች እንደሚመጡ፣ እርስዎም መልእክት ደርሶዎት ከጪጩ መንገድ አጋማሽ እንደተመለሱ፣ በጓሮ በርም ገብተው ለእንግዶቹ ክብር ሲሉ ውሃውን እንደለቀቁት እኔ ምን አውቄ? ክቡር ሆይ፣ ሰው በሹም ስንፍና ይጎዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ስንፍናዎን አምኜ ቧንቧ ፈትቼ፣ በትጋትዎ ተጎዳሁ። በዓመት አንድ ቀን ሥራዎን በሰዓቱ ለመሥራት ስለመረጡ፣ የቀኑም ምርጫ በእኔ ላይ ስላረፈ፣ የማይረሳ ውለታ አድርገውልኛል።

ውሃው አፍ በሌለው ቧንቧ ሲመጣ ምን እንደሚመስል በቃላት አልገልጽልዎትም። መዳፌን ጋረድኩበት፤ በጣቶቼ መሐል ፊቴን መታኝ። አዲሱን መክፈቻ ልገጥመው ታገልኩ፤ ኃይሉ ቃጫውን እየጠራረገ ወሰደው። ወደ ቢሮዎ ሮጬ ስደርስ ዘበኛው ሙሉካ፣ ሐዘኑ በፊቱ እየታየ፣ «ጌታው እንግዳ ላይ ነው፤ ቁልፉም እሱ ጋ ናት፤ እኔ ብገባ ያባርረኛል» አለኝ። እሱን አልወቅሰውም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ገፍቼ መግባት እችል ነበር። ጥርስ ሊነክሱብኝ ይችሉ እንደሆነ እንጂ አይበሉኝም ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ውሃው በወይዘሮ ሀጅራ በር ሥር እየገባ ነው። ክፍላቸው ከግቢው ዝቅ ያለች መሆኗን ያውቃሉ። በሩን በትከሻዬ ብገፋው ይሰበር ነበር፤ ጎረቤቶቼም «ስበረው!» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ ባለቤቱ በሌለበት የሰው ቤት ሰብሮ መግባት በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስከስስ በልቤ አገላበጥኩ። ጨው ግን አንቀጽ አያውቅምና እኔ ስመረምር እሱ ሟሟ።

አራተኛ፤ እንግዶችዎን አስከትለው፣ እነሱም ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ወደ ግቢው በመጡ ጊዜ ያደረጉት ምርመራ ለአገራችን ዳኞች ሁሉ ትምህርት ሊሆን ይገባል። ውሃውን ካዘጉ በኋላ፣ «ይህን የነካ ማን ነው?» ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ። የግቢው ሰው መሬት መሬት አየ። ከጋቢዬ ሥር ፒንሳው በእጄ ነበር። ለስንቱ ምስኪን አፍ ሆኜ የኖርኩት ሰው አፌ ተለጎመ፤ እርስዎም በፊቴ ቆመው፣ ዓይኔን እያዩኝ አለፉ። ከዚያም ቧንቧው በማን ግድግዳ ላይ እንዳለ ተመልክተው፣ ስለ እሱም አዘውትሮ ያመለከተው ማን እንደሆነ አስታውሰው፣ በዚያ ሰዓት ጪጩ ገበያ ላይ ጨው ይሸጡ በነበሩት ሴት ላይ ፈረዱ። የሌለ ሰው ስለማይከራከር ፍርዱ በጣም ፈጣን ነበር። እኔም በልቤ «ተመስገን» አልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁ።

ወይዘሮ ሀጅራ ሲመለሱ በራቸውን ከፍተው ከደፉ ላይ ቆሙ። ጆንያዎቹ ባዶ ሆነው መሬቱ ላይ ተጣብቀዋል። ዞር ብለው እስከ ጉልበቱ የራሰውን ሱሪዬን አዩት፤ ከዚያም ጆንያቸውን ማንሳት ጀመሩ። በማግሥቱ እርስዎ ደጃቸው ላይ ቆመው ማን እንደነካው ሲጠይቋቸው፣ አላውቅም ማለታቸውን እኔ ከደጄ ሆኜ ሰምቻለሁ። ለጎረቤቶቻቸውም፣ «ሰው ብከስ ጨዌ ተመልሶ አይመጣ» ብለዋል አሉ። እሳቸው ስሜን ሸሽገው ከቤት ሊወጡ ነው፤ እኔ በቤቴ ተቀምጫለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የእኔ ዝምታ ግን ሳምንት ሳይሞላው ነቀዘ፤ እንቅልፍም ምግብም ነሳኝ። ባለቤቴ እራት ታቀርብልኛለች እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም።

አምስተኛ፤ በኋላ ጥብቅ አድርጌ የገጠምኩትን አዲሱን መክፈቻ ያለ ፈቃድ የተተከለ ነው ብለው አስነቅለው በምትኩ እንጨት ስላስወተፉበት አመሰግናለሁ። እንጨቱ አያንጠባጥብም። የግቢው ሴቶች ወንዝ ሲወርዱና ሲወጡ ስምዎን በምን ዓይነት አክብሮት እንደሚያነሱት ቢሰሙ፣ ቢሮዎ ውስጥ መቀመጥ ባላስቻለዎት ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በበሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ይቀደድ፤ መቀደዱ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነም፣ ከወረቀቱ ላይ የወይዘሮ ሀጅራ ስም ተሰርዞ የእኔ ይግባበት። ከዚህ ግቢ ቅዳሜ መውጣት ያለበት ሰው ካለ ከፈለኝ ወልደዮሐንስ ይባላል። ጨዋቸውን መተካት የእኔ ዕዳ ስለሆነ በእርስዎ ላይ አልጭንም። የመዝጊያው ቁልፍ ግን ከኮትዎ ወጥቶ ሙሉካ ዘንድ ይንጠልጠል። ውሃ ይከፈትልን አላልንም፤ ያን ያህል አንደፍርም። የምንለምነው፣ ሲያጥለቀልቀን መዝጋት እንድንችል ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለፊታውራሪ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም በእንግዳ ላይ የማያልቅ፣ ለተከራይም የሚተርፍ ትጋት እንዲሰጥልን እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ቆሞ መናገር ያቃተው፣ ከሩቅ ሲሆን ግን እንዲህ የሚደፍረው፣

ታማኝ ተከራይዎ
ከፈለኝ ወልደዮሐንስ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ወይዘሮ ሀጅራ ማንበብ ስለማይችሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ዕቃቸውን በገመድ እያሰሩ ነበር። እርስዎን የነካሁባቸው ቦታዎች ላይ ይስቃሉ ብዬ ብጠብቅም አልሳቁም። ጨርሼ ቀና ስል፣ ገመዱን ሳይለቁ፣ «አንተ ከፈለኝ፣ ‹እኔ ነኝ› ለማለት ይሄን ሁሉ ወረቀት ይፈጃል?» አሉኝ። ስለዚህ ደብዳቤው በሩ ላይ ይቆይ፤ እኔ ነገ ጠዋት ቢሮዎ ድረስ እመጣለሁ፤ ወረቀት አልይዝም።