የአባባ የክርስትና ስም የተጠራ ዕለት

ናይሮቢ ላለኸው ወንድሜ ለይታገሱ ይድረስልኝ፤

ከአባባ መርዶ ወዲህ እንዴት ሰነበትህ? ሰውነትህስ እንዴት ነው? እህል ይገባልሃል ወይስ እንደ ልማድህ በሻይና በዳቦ ነው የምትውለው? እናታችን፣ ልጄ በሰው አገር ብቻውን ያለቅሳል እያለች ስትጨነቅብህ ከርማለች። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ኔትዎርኩ ከጠፋ ሰነበተ፣ ስልኩም ሲያሻው ይሠራል ሲያሻው ይዘጋል፤ ቢሠራም ማን እንደሚሰማ ስለማይታወቅ ይህ ነገር በስልክ የሚወራ አይደለም። ቡሬ ገበያ ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤታችን ሳቢሃ ወደ አዲስ አበባ ስታልፍ ወረቀቱን ተቀብላኝ፣ ወዳንተ ለሚመጣ ሰው ትሰጥልኛለች።

አደይን በስም ታውቃታለህ። አጎታችን ይርሳው ሽማግሌ ሆነው ለቆሙለት ሰው ወላጆቿ ገና በልጅነቷ የዳሯት፣ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጥታ በዚያው፣ ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩ ልጆችን ወደሚያስጠጋው ማኅበራችን የሸሸች ልጅ ናት። ደምበጫ ከደግ ሰዎች ቤት አስጠጋናት። አጎታችን ከዚያ ወዲህ ቃሌ በሰው ፊት ወደቀ እያሉ ሲብከነከኑ ኖረዋል። እንዲህ ያሉትን ልጆች የት እንዳስጠጋናቸው ወረቀት ላይ አይቀመጥ ብለን ነው አንተ መዝገቡን በኢንተርኔት የምናስቀምጥበትን ሰርቨር የተከራየህልን።

የሰርቨሩን ቁልፍ የሠራንበት ዕለት ትዝ ይልሃል? ፍኖተ ሰላም፣ የአጎታችን የይርሳው ልጅ ወንድምአገኝ ኮምፒውተር ከሚጠግንበት ሱቅ ነበርሁ፣ ኔትዎርኩ እዚያ ይሻል ነበርና። አንተ በስልክ ስታዝዘኝ ዊንዶውሱ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ያንን ጥቁር መስኮት ከፈትሁ። የነገርኸኝን ብጽፍ ሁለት ፋይል ወለደ። አንዱን ወደ ሰርቨሩ ላኪው፣ ሌላው ቁልፍሽ ነው፣ ከላፕቶፕሽ እንዳይወጣ አልኸኝ። የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ ብጽፍ ብጽፍ አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ስነጫነጭ አንተ ትስቅብኛለህ። ቀጥለህም ማንም የማያውቀው ይሁን፣ የአባባን የክርስትና ስም አድርጊው አልኸኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ ወንድምአገኝም አጠገቤ ቆሟል።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አባባ መተት እየፈራ ያንን ስም ከዘመድ እንኳ ሸሽጎ ነው የኖረው፤ ከእኛና ከነፍስ አባቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ላፕቶፑ አልነሳ ብሎኝ ለወንድምአገኝ ብሰጠው፣ ፎርማት ከማድረጉ በፊት ፋይሌን ሁሉ በፍላሽ አወጣና መለሰልኝ። ቁልፉም አብሮ ወጥቶ ተመለሰ። ቁልፉ ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፍት፣ ስሙን አያውቀው፣ ምን ያደርግበታል ብዬ ተውሁት።

አባባን የቀበርን ዕለት ግን ቄሱ በፍትሐቱ ላይ ያንን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደጋግመው ጠሩት። ማንም ክርስቲያን ሲሞት የክርስትና ስሙ እንዲሁ ነው የሚጠራው። ቤተ ክርስቲያን ያደግን ልጆች ሆነን፣ አንተም እኔም አንድ ቀን እንኳ አላሰብነውም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ ያንተ ግን ይብሳል፣ ኮምፒውተር የተማርኸው አንተ ነህና። ወንድምአገኝ ከአባቱ ጎን ቆሞ፣ ጆሮውን ወደ ቄሱ አዘንብሎ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ። ጸሎቱ የገባው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐዘን ተቀምጬ ሥራ ስመለስ ሰርቨሩን ከፈትሁ። መጨረሻ የተገባበትን ቀን የምትናገረዋ መስመር፣ ሁልጊዜ አንብቢያት የምትለኝ፣ የሠልስቱን ቀን አሳየችኝ። በሠልስቱ እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ለቀስተኛ ስቀበል ነው የዋልሁት። ኪቦርዱ ላይ ወደ ላይ የምትጠቁመውን ቀስት ስጫን ከእኔ በፊት የተጻፈው ትእዛዝ ብቅ አለ፤ የአደይ ስም ነበር። ደግሜ ብጫን ያው አደይ። የሌላ ልጅ ፋይል አልተነካም። ቁልፉን ልለውጥ ስል ኔትዎርኩ ሄደ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የለም።

ትናንት ጠዋት ደግሞ አጎታችን ሊያጽናኑን መጡ። ጠላ ቀመሱ፣ ስለ በርበሬው ለቀማ አወሩ፣ እናታችንን መረቁ። ደጅ ስሸኛቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ያቺ ልጅ ደምበጫ የስፌት መኪና ለመደች አሉ፣ ጎሽ፣ ሥራ መልካም ነው አሉኝ። ስፌት መጀመሯን ለማንም አልተናገርሁም፤ የጻፍሁት ፋይሏ ላይ ብቻ ነው። እሳቸው ፈገግ ብለው ሄዱ።

በአገኘሁት መኪና ደምበጫ ደረስሁ። ባለቤቲቱ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቤታችንን ሲያጠያይቁ ነበር አሉ ብላ ነገረችኝ። አደይን ከነለበሰችው ይዣት ወጣሁ። ላፕቶፑ ቡሬ ቀርቷል፤ ተመልሼ ላመጣው አልችልም።

አሁን የምለምንህ፣ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ የእኔን ቁልፍ ከሰርቨሩ ንቀለው። እኔም ውጭ እቀራለሁ፤ ልቅር። ወንድምአገኝ ፍላሹን ይዞ ኔትዎርክ ወዳለበት ከተማ ቢሄድ የሚያግደው የለም። አደይን ደምበጫ ሲያጧት ወደ ሌላ ቤታችን እንዳዛወርኋት አያጡትም፣ የቤቶቹም አድራሻ ሁሉ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። በእኔ ስም አዲስ ቁልፍ ሠርቻለሁ፣ አስገባልኝ የሚል መልእክት ቢመጣህ እንዳትቀበል። እኔ የምልህ በእጄ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚመጣው። ፈርቻለሁ፣ ይታገሱ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

እናታችን ስሰናበታት የት ትሄጃለሽ አላለችኝም። አትንገሪኝ፣ ወንድሜ ይርሳው ሲጠይቀኝ መዋሸት አልችልም አለችኝና ዓይኗን አበሰች። ናፍቆኛል በይው፣ ብርድ እንዳይመታው ብላሃለች። ሳቢሃና ባሏ ከድር እግዜር ያጥናህ ይሉሃል። አደይም አጠገቤ ቁጭ ብላ የቀሚሷን ጠርዝ እየሰፋች፣ አላውቀውም ግን ሰላም በይልኝ ብላለች።

እህትህ ያምሮት

ያለንበትን ቦታ እዚህ አልጽፈውም። ሌላ መጠጊያ አጥቼ ከነዚያው ቤቶች ወደ አንዱ ነው የመጣሁት፤ ሰርቨሩ ላይ ታገኘዋለህ።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.