ዲማ ላይ የሰማሽው ስም

ውድ ሩት፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል እያልኩ ልጆች ሳስተምር ስለኖርኩ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጪው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጽሐፍሽ ዐሥር ዓመት ሞልቶት እንደገና ሊታተም ነው፤ ለእናቴም መታሰቢያ ልታደርጊው አስበሻል። ሙሉ ስሟን፣ ከተቻለም የክርስትና ስሟን እንድልክልሽ ጠይቀሻል። ወይ ጉድ! ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አሳስቼ የተረዳሁት መስሎኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ሙላት ጋዜጣ ላይ ስላንቺ የወጣውን ከኢንተርኔት አውጥቶ አሳየኝ። አባትሽ አውቶቡስ ነጂ እንደነበሩ፣ ሁለት ልቦለድ ጽፈሽ አሳታሚዎች እንደመለሱብሽ፣ ከዚያ «በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ድምፄን አገኘሁ» ማለትሽን። እኔ የማውቀው ግን ድምፅሽ ያልተገኘበትን ጊዜ ነው። በ1991 እንግሊዝኛ ልታስተምሪ ደብረ ማርቆስ መጥተሽ፣ ግቢያችን ተከራይተሽ፣ ተመልሶ የመጣብሽን ወረቀት ታቅፈሽ ስታለቅሺ እማዬ አየችሽ። «ምን ሆና ነው?» ስትለኝ «መጽሐፏን አንፈልግም አሏት» አልኳት። «ታዲያ ለምን ለእኛ አታነብልንም? እኛ እንቢ አንላት» አለች። ያን ቀን ሳቅሽ።

ታናሽ ወንድሜ እንዳላማው ዘምቶ ነበር። በነሐሴ 92 አብሮት የዘመተው የሺዋስ ከደምበጫ በክራንች መጥቶ፣ ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጎኝ፣ «አትጠብቁት» አለኝ። እማዬ ያኔ ልቧን ታማ ሐኪሙ «አደራ፣ እንዳትደነግጥ» ብሎኛል። መርዶውን እስክትጠነክር ላቆየው አልኩ። ፍልሰታ ትለፍ አልኩ፤ መስቀል ይለፍ አልኩ። እስከዚያው እሱን ሆኜ ደብዳቤ እየጻፍኩ አነብላት ጀመር። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። «ጦርነቱ ካበቃ ልጄ ለምን አይመጣም?» ብላ ስትይዘኝ «ሱዳን ላኪው፤ ሥራ ፍለጋ ተሻገረ በያት» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ብልሃቱ ያዘ። የታተመልሽን ልቦለድ መጀመሪያ በእናቴ ላይ ሞከርሽው ማለት ነው። እኔም እጄ አለበት፤ አልክድም።

ነፍሱ ግን ያለ ፍታት እንዴት ትደር? ሰፈር እንዳይሰማ ዲማ ገዳም ድረስ በእግር ሄድን፤ አብረሽኝ ሄድሽ። ጫማሽ ቆርጦሽ እያነከስሽ እንኳ አልተመለስሽም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግንሻለሁ። ቄሱ «ስመ ክርስትናው?» ሲሉኝ «ፍቅረ ሥላሴ» አልኩ፤ አጠገቤ ቆመሽ ሰማሽ። ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኩሽ። ይህ ስም ለጸሎት ነው፣ የቤት ሰውና የንስሐ አባት ናቸው የሚያውቁት፣ ሰፈሩ እንኳ አያውቀውም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ያስደግምበታል ብለው እናቶች ይሸሽጉታል። «ለማንም አትንገሪ» አልኩሽ። «እግዜርን፣ አልነግርም» አልሽ፤ ያውም በእኛው አማርኛ።

በ96 መጽሐፉን ለትምህርት ቤታችን ላክሽልን። እኔ ለስብሰባ አማኑኤል ከተማ ሄጃለሁ። ሙላት ያኔ አዲስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ ምን ያውቃል? «ሩት መጽሐፏ ወጣላት!» ብሎ እማዬን ሊያስደስት ይዞላት መጣ። እሷም «እኛ እንቢ አንልም ብዬ የለ! በል አንብብልኝ» አለችው። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው እሱ ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች። የከተማውን ስም ለውጠሻል፤ የእኔንም፣ የእሷንም። ደብዳቤ የምትጽፈዋን ልጅ ተንኮል ስትሰማ «ይቺስ የኔዋን ትመስላለች» ብላ ሳቀች አሉ። ወንድምየው ሱዳን ሲሻገር ወደ ሙላት ጠጋ አለች። ከዚያ እህትየዋ ለፍታት ገዳም ሄዳ ለቄሱ ስም ትነግራለች።

«ስሙን ድገምልኝ» አለችው።

«ፍቅረ ሥላሴ።»

ሙላት እስከ ዛሬ ይምላል፤ አልጮኸችም። እንዝርቷን አስቀምጣ «በቃኝ ልጄ፣ ተባረክ» አለችው።

ሩት፣ በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር አይተሻል። ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌው ይናገራል፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል፤ ስትጮህ አብሮ የሚጮህ አለ። እናቴን ማን ያዛት? ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ መጽሐፍ ከያዘ ጎረምሳ ጋር ብቻዋን ተረዳችው።

ስመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ከሳጥን አውጥታ ፊቷ ደርድራቸዋለች። ማንበብ አትችልም። «የትኛው ነው የሱ?» አለችኝ። ከመዝመቱ በኋላ እሱ ራሱ የጻፋቸው ሁለት ነበሩ። ለይቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ጡቷ ሥር ሸጎጠችና የቀሩትን በእግሯ ገፋቻቸው። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እግዜር ይፍታሽ» አለችኝ። እኔ ፈትቼሻለሁ አላለችም። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ወር ኖረች፤ ከአንድ ገበታ በላን፤ ያቺን ቃል ግን ሳትሰጠኝ ሄደች።

የመጽሐፍሽን መጨረሻ ከቀብሯ በኋላ ራሴ አነበብኩት። እናትየዋ ለካ ከመጀመሪያው ሁሉን ታውቅ ኖሯል! ለልጇ ስትል ያላወቀች መስላ ኖራ፣ ስትሞት የልጇን ግንባር ሳመች። ጋዜጣው «አንጀት የሚበላ ፍጻሜ» ይለዋል። እውነትም አንጀቴን በላው። እኔ ያልተሰጠኝን ምርቃት ለፈጠርሻት ልጅ ሰጠሽብኝ። ቢቻለኝ ያን አንድ ገጽ ቀድጄ እናቴ እጅ ላይ አኖረው ነበር።

ስሙን ብቻ ነበር አደራ ያልኩሽ። ሌላውን ሁሉ ውሰጂው፤ ደብዳቤዎቼን ቃል በቃል ተርጉመሽ ማስገባትሽንም ተይው። የወንድሜ ስም ግን ስንት አገር ሰው አፍ ውስጥ አለ? አንዳቸውስ «ነፍስ ይማር» ይላል?

እንግዲህ መታሰቢያውን በተመለከተ፣ መልሴ አጭር ነው። እማማ አይናዲስ ብለሽ ትጠሪያት ነበር፤ እሱን ጻፊ፤ አገር የሚያውቀው ስሟ ነው። ሌላኛው ስሟ ዲማ ነው ያለው፤ በየዓመቱ ሄጄ ለቄሱ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ፣ እነግርሽ ይመስልሻል? አሁን ብቻዬን ነው የምሄደው።

የብርጓል
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2006