ውሃው ለታችኛው ሰፈርም ወረደ

ቢቸና፣ መጋቢት 2008 ዓ.ም.

ውድ አየሁሽ፣

እንደምን ከርመሻል? አምበር ሱቅ መክፈትሽን የነገረኝ ወንድምሽ ያየህ ነው። ይህን ደብዳቤም በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ሃያ ዓመት ዝም ብዬሽ አሁን የምጽፍልሽ፣ ሰሞኑን የሆነውን ከማንም በፊት አንቺ እንድትሰሚው ስለፈለግሁ ነው።

ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ስለቀረ የቧንቧው ምንጭ ቀጥኗል። የላይኛው ሰፈር ቦኖ ውሃ በየቀኑ ይከፈታል፤ ድሆቹ ያሉበት የታችኛው ሰፈር በሳምንት አንዴ ብቻ። የታችኛው ሰፈር ሴት ልጆች ወንዝ ወርደው ቀድተው ክፍል የሚገቡት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳስተምር፣ ጭሱን የሚለቁት ሀብታም አገሮች ሆነው ሳለ ድርቁ የሚበረታው በድሆች ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። ፈንታነሽ የምትባል የታችኛው ሰፈር ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እዚህስ? ዝናቡ የቀረው ለሁላችንም ነው። የተጠማነው ግን እኛ ብቻ ነን።»

አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ሞጣ ሰባተኛ ክፍል ሳለን አንደኛ የምትወጪው አንቺ ነበርሽ። ጉድጓዳችሁ ሲደርቅ ውሃ ፍለጋ ስትንከራተቺ ትምህርቱን ተውሽው። እኛ ግቢ ቧንቧ ነበር። እናቴን «አየሁሽ ከኛ ትቅዳ» ብላት እሺ ትለኝ ነበር። አላልኳትም። አንደኛ መውጣት ፈልጌ ነበር፤ ወጣሁም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ለፈንታነሽ «እንግዲያው እንመዝግበው» አልኳት። ተማሪዎቼ ወር ሙሉ በሁለቱም ቦኖዎች ማን ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ማን ከትምህርት እንደሚያረፍድ ጻፉ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለነዋሪው ስብሰባ አነበቡት።

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተ ሥላሴ አዳምጠው ሲያበቁ «ልጆቼ፣ ድርቅ የእግዜር ቁጣ ነው። እኛ ምን እናድርግ?» አሉ።

ፈንታነሽ ተነሳች። «ድርቁ የእግዜር ይሁን ጋሼ። የቧንቧው ቁልፍ ግን በእርስዎ እጅ ነው።»

ያኔ የገዛ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አባባ፣ የላይኛውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ውሸት የለበትም።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ መዝገቡን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ «በቀን ተራ ይሁን፤ አንድ ቀን ለላይኛው፣ አንድ ቀን ለታችኛው። የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ብለው መጀመሪያ የራሳቸውን እጅ አወጡ። አዳራሹ በእጅ ተሞላ። እናቶች እልል አሉ።

ማክሰኞ የታችኛው ሰፈር ልጆች ደወል ሳይደወል ግቢ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ፈንታነሽ ጫማዋን አጥባ ነበር። እኔም እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ለትንሣኤ አምበር እመጣለሁ። ይቅርታ በወረቀት አይጠየቅምና ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ። ብትነፍጊኝም አልቀየምም። ፈንታነሽና ሰብለ ወንጌል አብረውኝ ይመጣሉ፤ ስለ ጉብዝናሽ ነግሬያቸው ካላየናት ብለዋል። ሱቅሽን ዘግተሽ ጠብቂን።

ወይንእሸት