ከበርሜሉ ጀርባ ያሉት ሦስቱ

ሐምሌ 23፣ 1971፣ ጠዋት
ደካማ ወንዴዎቹን ነቅዬ ጨረስኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ከሮም ወጣ ብላ ያለችው የሮማኒና ፀሐይ ያቃጥላል፤ እኔ ደግሞ በከል። የቀሩት ጥቂት ምርጥ ወንዴዎችና ሴቴዎቹ ናቸው። ካናፓ፤ ለገመድና ለጆንያ የሚሆነው ካናቢስ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ዘር። መስከረም ላይ ይዤው አገሬ እገባለሁ። ማስታወሻዬ፣ ዘንድሮስ ተሳካልኝ መሰለኝ።

ነሐሴ 1፣ ማክሰኞ
ፍልሰታ ገባ። ጉድም አብሮ ገባ። በግንቡ በኩል ያሉት ሴቴዎች ቢጫ የወንዴ አበባ አውጥተዋል። አንድ ግንድ ላይ ሁለቱም። ፍናፍንት። የሚያስተምሩኝ ፕሮፌሰር መጥተው አዩ። ዘሩ ነው የተበላሸው አሉ። አሎራ፣ እንግዲህ ዓርብ ሁሉም ተነቅሎ ይቃጠል። ጤነኞቹም? አልኩ። ጤነኞቹም፤ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም ወይ አሉኝ።
አባቴንም አገር ቤት ደርጎቹ እንዲሁ ነው ያደረጉት። ምን አጠፋ ብለን ስንጠይቅ፣ ከየትኛው ባላባት እንደተወለደ ነገሩን። እስር ቤት ሞተ። ዛሬ ፕ/ሩ ላይ የተናደድኩት ለካናፓ ብቻ አይደለም።

ነሐሴ 2
ሴቴ ካናፓ ሲጨንቃት የወንዴ አበባ ታወጣለች። ዘሯ እንዳይጠፋ ብላ ይመስለኛል። ይሁን፤ ግን ምን አስጨነቃት? ጥማት? ሁሉም እኩል ጠጥተዋል። ሙቀት? ፀሐዩ ለሁሉም አንድ ነው። ስኮተኩት ሥር ቆርጬ ይሆን? ጫር ጫር አድርጌ አየሁ፤ ደህና ናቸው። ወይስ እውነትም ከዘሩ ነው? ፈራሁ።
ለተብርሃን እራት አልበላም ስላት ተቆጣች። ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር አንድ ክፍል አብረን የተከራየን የአስመራ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ለካናፓው ደንታም የላት። ዓመቱ ሞልቷል፣ ከልሽን አውጪ አለችኝ። ከል አውጪ የሚል ዘመድ ነው፣ እዚህ ዘመድ የለኝም አልኳት። «ታዲያ እኔ ምንሽ ነኝ?» አለች።

ነሐሴ 3፣ ከሰዓት
አገኘሁት! ከውኃው በርሜል ጀርባ ሦስት ሴቴዎች አሉ። ንጹሕ። ግራና ቀኛቸው ግን ፍናፍንት። ያው ዘር፣ ያው አፈር፣ ያው ውኃ። በርሜሉ ከምን ጋረዳቸው? ቀና ስል፣ ግንቡ ላይ የማዶና ሥዕል፤ ከሥሯ አምፖል። ያስገቡት ሲኞራ ፒና ናቸው፣ ከግንቡ ወዲያ ያሉት ባልቴት። ልጃቸው ሆስፒታል ከገባ ወዲህ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሌሊት በባነኑ ቁጥር አብርተው ይጸልያሉ፤ ጸልየው ያጠፋሉ። ካናፓ ደግሞ አበባ ስትይዝ ያልተቆራረጠ ጨለማ ትፈልጋለች። እንቅልፍ ነስተናት ኖሯል!
ፕ/ሩን እጃቸውን ይዤ በርሜሉ ጋ አቆምኳቸው። ጎንበስ ብለው ሦስቱንም አገላብጠው አዩ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፤ ፍናፍንቶቹ ብቻ ይነቀሉ። ግን እነሱ ሲነቀሉ ብርሃኑ ወደ ኋለኞቹ ይገባልና መብራቱ ይጥፋ፤ አለዚያ ሁሉም ይቃጠላል አሉ።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ
የሲኞራ ፒና በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፍልሰታን እየጾምኩ የእመቤታችንን መብራት ያጥፉ ልበላቸው? ልጃቸው ገና አልዳነም። አባዬ ታስሮ ሳለ እናቴ ጧፍ ታበራ ነበር። አጥፊ የሚላት ቢመጣ አልምረውም ነበር።
መጋረጃ ይበቃል። ጥቁር፣ ወፍራም። እንዲህ ያለ ጨርቅ ደግሞ ሞልቶኛል።
ቀሚሴን ተረተርኩት። ሹራቤን፣ ጥቁር ነጠላዬንም ጨመርኩ። ለተብርሃን ምንም ሳትጠይቅ መርፌና ክር አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እየሰፋን አለቀስኩ። አባዬ የሚጋርደው በርሜል አላገኘም።
ነገ በጠዋት በግንቡና በካናፓዎቹ መሃል እሰቅለዋለሁ። የምለብሰው የለተብርሃንን ነጭ ቀሚስ ነው። ትንሽ ይጠበኛል።