ከጠባቧ ሸንተረር ማዶ

ግርማዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ደህና ነን። ልጅህ ሜሮን ሥራዋን ይዛለች፤ እኔም ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ሰፈራችን ግን የለም። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል። እኛ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ጎረቤቱም በየአቅጣጫው ተበተነ። ፒያሳ ስሄድ አንዳንዴ የማውቀው መታጠፊያ ይጠፋኛል።

የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። ወጨጫ ተራራ ላይ ወጣሁ።

አዎ፣ እኔ። ሥላሴ ለመሳለም እንኳ ታክሲ የምፈልገው ሴት። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛህ ከታደሰ ጋር ስትሄድ ስንቅ ቋጥሬ እሸኝህ ነበር እንጂ አንድም ቀን ተከትዬህ አላውቅም። ስትመለስ ሜሮን ጭንህ ላይ ወጥታ ጫፉ ላይ ምን እንዳለ ትጠይቅሃለች። አዲስ አበባ በሙሉ ወለል ብላ እንደምትታይ፣ የጊዮርጊስ ጉልላት እንደሚያብረቀርቅ፣ የቤታችንን ቆርቆሮ እንኳ ለይተህ እንዳየኸው ትነግራታለህ። እኔ ደግሞ ወጥ እያማሰልኩ እገረማለሁ። ሰው የገዛ ቤቱን ጣሪያ ለማየት ያን ሁሉ ዳገት ለምን ይወጣል? ይህ ጥያቄ ከሄድክም በኋላ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ታደሰን ውሰደኝ አልኩት። አመነታ፤ ለጉልበቴ አስቦ መሰለኝ።

ከሜሮን ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። ያንተን አረንጓዴ ጃኬት ለብሻለሁ። ሱባ ጫካ ውስጥ ጥዶቹ ከመርዘማቸው የተነሳ ጫፋቸውን ለማየት አንገት ያማል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ሜሮን እንደ ልጅነቷ አጨበጨበች። ከዚያ ዳገቱ መጣ። እኔ እየተቀመጥኩ፣ ታደሰ እየጠበቀኝ፣ ጥዱ አልቆ ዛፉ እያጠረ ሄደ። አንድ ትልቅ ኮሶ ሥር የጫካው ጠባቂ ኦቦ ፈይሳ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታ ሳይጨርሱ ጃኬቱን አዩት።

«ይሄ የግርማ አይደለም?»

ሚስቱ መሆኔንና አንተ ማረፍህን ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እዚህ ነበር የሚቀመጠው» አሉ። «ታደሰ ከላይ እስኪመለስ ከኔ ጋር ይጫወታል።»

እኔና ሜሮን ተያየን። ታደሰ መሬት መሬት ያያል።

«እስከ ጫፍ አይወጣም ነበር?» አልኩ።

«አስቱ፣ ገደል ይፈራ ነበር» አለ ታደሰ። «መጀመሪያ ቀን ጫፉ ጋ ከመድረሱ በፊት ካለው ጠባብ ሸንተረር ተመለሰ። ቤት ሲገባ ልጅቷ ጠየቀችው፤ አልወጣሁም ማለት ከበደው። በኋላማ እኔ ያየሁትን በመንገድ ላይ ይጠይቀኛል፣ ለእናንተ አሳምሮ ያወራል።»

ሜሮን መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ ካልወጣህ፣ ለምን ትመላለስ ነበር? ኦቦ ፈይሳን ጠየቅኋቸው። ወደ ሸንተረሩ መነሻ ጠቆሙኝ።

«ሁልጊዜ እዚያ ድረስ ይሄዳል። ይቆማል። አንድ እግሩን ያስቀድማል። ከዚያ ይመለስና ‹ዛሬም አልሆነም፣ ለሚቀጥለው› ይለኛል።»

ሄጄ ቆምኩበት። ግርማዬ፣ እውነትህን ነው። ግራና ቀኙ ገደል ነው፣ መሄጃው የሰፈራችንን ቅያስ አያህልም፣ ነፋሱ ደግሞ ይገፋል። ሜሮን ከኋላ የጃኬቴን ጫፍ ያዘች፣ ታደሰ ከፊት ሆነ። አንዳንድ ቦታ በእጄም እየዳህኩ አለፍኩት።

ጫፉ ላይ ያለውን እኔ ልንገርህ። የጊዮርጊስ ጉልላት አይታይም። አዲስ አበባ በጭጋግ ውስጥ ግራጫ ሆና ተኝታለች፤ አራዳ የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ ታደሰ ነው ያሳየኝ። ቆርቆሯችንን በዓይኔ ስፈልግ ቆየሁ፣ እንደፈረሰ ያስታወስኩት ኋላ ነው። በምዕራብ በኩል ሜዳው በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። አንድ ንስር ደግሞ ከእግራችን በታች ያንዣብብ ነበር። የንስር ጀርባ አይተህ ታውቃለህ? ቡናማ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ ይመስላል። ታደሰ ይህን እንዴት ሳይነግርህ ቀረ?

ስንወርድ ሜሮን፣ «አባዬ ዋሸኝ ማለት ነው?» አለችኝ። እጇን ይዤ ቁልቁለቱን ቀጠልኩ። አሁን ግን መልሱ አለኝ። ልጅ ስትወልድ የማወራለት፣ ጫፍ ደርሶ ስለማያውቀው አያቱ ነው። እንደሚፈራ እያወቀ ሁልጊዜ ጫማውን አስሮ የሚወጣ፣ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ አንድ እግሩን የሚያስቀድም ሰው። በሕይወት ዘመኔ ሁሉ የማስታውሰው ግርማ እሱ ነው።

አስቴር