ስለ ናሆም ዝምታ፣ ለጽጌ

«የጋሽ ደምሴ የልጅ ልጅ እኮ ጨዋ ነው! ቤት ውስጥ ልጅ ያለም አይመስል።»

ይህን ያለችው ከበራችን ፊት ለፊት የምትኖረው ወይዘሮ ዘይነባ ናት። የተናገረችውም ለእኔ ሳይሆን ደረጃው ላይ ለቆመች ሌላ ጎረቤት ነው። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ልወጣ ስል ሰማሁና መልሼ ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ በምስጋና መሀል አይገባም። ሰው ሲያማ እንጂ ሲያመሰግን ምን ብሎ ይዋሻል ብዬ ቃሏን እንዳለ ተቀበልኩት። ስምንት ወር ያህል በዚያ ቃል ስኮራ ኖርኩ።

ጽጌዬ፣ የቤቴ እመቤት፣ እንደምን አለሽ? ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ ደህና ወሬ እስኪገኝ ስጠብቅ ነው። ደህናው ወሬ ሲዘገይብኝ ክፉውን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ያለሽበት ቦታ ወሬ እንዴት እንደሚደርስ ባላውቅም፣ ከካዛንቺስ ሰው ወደዚያ የመጣው ብዙ ነው። የካዛንቺስ ሰው ደግሞ የትም ቢሄድ ወሬ ይዞ ነው የሚሄደው።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ፈርሷል። የእኛ ብቻ አይደለም፤ ግቢውም፣ የግቢው ጎረቤትም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ የብስክሌት መሄጃ ሁሉ ተሠርቶለታል፤ እኛ ብስክሌት ባይኖረንም። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ቤታችን ነበረበት ብዬ በገመትኩት ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሳሎናችን ላይ ይሁን ጓዳችን ላይ የተቀመጥኩት መለየት ግን አቃተኝ።

አሁን የምንኖረው መስቀል ፍላወር አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ጎረቤቶቻችን ጥሩ ሰዎች ናቸው ይባላል፤ በሮቻቸው ጥሩ ብረት ናቸው። ልጃችን መቅደስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች፣ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትገባለች። መሥሪያ ቤቷ ያው ካዛንቺስ ነው። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ክፍለ ሀገር ነው የሚከርመው፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ስለዚህ ናሆም የእኔ ሆነ። ስትለዪን ገና መቀመጥ የለመደ ሕፃን ነበር፤ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሞላው።

ሆስፒታል ተኝተሽ ያልሽኝ ትዝ ይለኛል። ስለ ቀብርሽ አላነሳሽም፣ ስለ ልብስሽም አላነሳሽም። «ልጁን አናግረው። አንተ እንደሆንክ ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልህም» አልሽኝ። እኔም «እሺ» አልኩሽ። ለሚሞት ሰው «እሺ» ማለት ቀላል ነው፤ ተመልሶ አይጠይቅም።

አንቺ እኮ መቅደስ ገና አፏን ሳትፈታ ምስር እየለቀምሽ ታናግሪያት ነበር። ይቺ ምስር ናት፣ ይቺ ጠጠር ናት፣ ይቺ ደግሞ ምስር የመሰለች ጠጠር ናት፣ እንደ አንዳንድ ሰው። እኔ ከማተሚያ ቤት ያመጣሁትን ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳርም ጆሮዬን ብታደክሚው፣ «ምን ይገባታል ብለሽ ነው የምትለፈልፊው?» አልኩሽ። «ከገባት በኋላማ መቼ ታዳምጠኛለች?» አልሽኝ። ያኔ ሳቅሁ። ስለ ልጅና ስለ ቋንቋ ከዚያ የተሻለ ነገር አንብቤ አላውቅም፤ ያነበብኩት ደግሞ ትንሽ አይደለም። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሾርባ ነው። ናሆም አልበላም አለ፤ እኔም ስልኬን በስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ከፈትኩለት። የሚታየው እጅ ብቻ ነው። ፊት የሌለው እጅ ባለቀለም የፕላስቲክ እንቁላል እየፈለቀቀ አሻንጉሊት ያወጣል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ማንኪያው ገባ፣ ሾርባው አለቀ፣ እጁ ግን አሁንም ይፈለቅቃል። ቤቱ ጸጥ አለ። ይቅር በይኝና፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ከተጋባን ጀምሮ አግኝቼ አላውቅም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ መጽሐፍ ገለጥኩ። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። ስልኩን የሰጠሁት ልብስ ላጥብ ብዬ አይደለም፣ ወጥ ልሠራም ብዬ አይደለም፤ ያ ቢሆን ሰው ይረዳልኝ ነበር። ላነብ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ለምሳ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ለቁርስም ሆነ። ከዚያ በቁርስና በምሳ መካከል ስልኩን መንጠቁ ትርጉም አጣ፤ ልጁም ያለቅሳል፣ እኔም ገጽ ይጠፋብኛል። መቅደስ ልትገባ ሩብ ሰዓት ሲቀራት ስልኩን ኪሴ እከትና የእንጨት መጫወቻዎቹን ምንጣፉ ላይ እበትናቸዋለሁ፤ ስንጫወት የዋልን እንዲመስል። መበተኑን ራሱ ተካንኩበት። አንዳንዴ አንዷን ሶፋ ስር እወረውር ነበር፤ እውነት ለማስመሰል።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መጨረስ ያቃተኝን ያንን ባለ ሁለት ቅጽ የታሪክ መጽሐፍ ጨረስኩ። ቀጥዬ፣ አያት ነኝና ኃላፊነት አለብኝ ብዬ፣ ስታዲየም አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ገዛሁ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ከሚያናግረው ሰው ፊት ነው ይላል። ልክ ነው ብዬ በእርሳስ አሰመርኩበት። ናሆም አጠገቤ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። እንዳይረብሸኝ ድምፁን ቀነስኩት።

ምልክቱ አልነበረም አልልሽም። ስሙን ስጠራው አይዞርም ነበር። ውኃ ሲጠማው እጄን ይዞ፣ ልክ እንደ ዕቃ አንስቶ፣ ጆጉ ላይ ያስቀምጠዋል። «ቃል አያባክንም፤ ወደ እኔ ነው የሄደው» እል ነበር። የወይዘሮ ዘይነባ የልጅ ልጅ ሂክማ ደግሞ ከእሱ በሁለት ወር ታንሳለች። ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ጫማህ ለምን ተቀደደ? ጥርስህን ማን ወሰደው? ይሄ ልጅ ለምን አያወራም?» ትለኛለች። አያቷ አንድ ቀን «አፏ እኮ አይዘጋም ጋሼ፣ ምን ላድርጋት?» ብትለኝ ከልቤ አዘንኩላት። «አይዞሽ፣ ከዕድሜ ጋር ይተዋታል» ብዬ አጽናናኋት።

መቅደስ ከወር በፊት የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ክሊኒክ ይዛን ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ ናት። ጆሮውን አየች፤ ደህና ነው። ከዚያ ብዕሯን አንስታ «በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ያያል?» አለች። ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። «ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እሱም ምሳ ሲበላ።» ጽጌ፣ ስድስት ሰዓት ነበር። አንዳንድ ቀን ሰባት።

መቅደስ ትንሽ አየችኝና ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው ዶክተር። ማታ ደክሞኝ ስገባ ስልኬን እየሰጠሁት ነው» አለች።

እኔ ማታ ስልክ ስትሰጠው አይቻት አላውቅም። ስትገባ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታቅፈው። ግን እናት ናት፣ እናት ያላጠፋችውንም ትናዘዛለች ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪሟ የእኔን ቃል ጻፈች፣ የእሷንም ጻፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የኖርኩ ሰው፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ስህተት ሲሰፍር እያየሁ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

የተሰጠን ምክር «ለጊዜው ስልክ የሚባል አይይ፤ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላችሁ አናግሩት፣ ባይመልስም አናግሩት፣ ከሦስት ወር በኋላ አየዋለሁ» የሚል ነው። ካርድ አውጥተን፣ ተሰልፈን የሰማነው ይህንን ነው። አንቺ ተኝተሽ ነግረሽኝ ነበር።

ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሺብኝ። ልጁ ጮኸ፣ በሩን በግንባሩ መታ፣ ወይዘሮ ዘይነባ «ጋሼ፣ ልጁ ታመመ እንዴ?» እያለች በሩን ደበደበች። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው። ደክሞት ጸጥ ሲል እንደታዘዝኩት ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ አንብቤ፣ ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር የለኝም። ብቸግር ጋዜጣ አነበብኩለት፤ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ። ናሆም አፌን ትክ ብሎ አየው። እጅ ሳይሆን ፊት ሲንቀሳቀስ ማየቱ ግር ብሎት ይመስለኛል።

በዘጠነኛው ቀን ተናገረ። ሂክማ ደረጃው ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። ናሆም ቀረብ አለ፣ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ፣ ጥርት ባለ አማርኛም «ዝም በል! እያነበብኩ ነው!» አላት።

ወይዘሮ ዘይነባ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። «ኧረ በአላህ! ቁርጥ አያቱን!» እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ከሰው ፊት የተማረው ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነው። ማታ ለመቅደስ «ልጁ ተናገረ» አልኳት። ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ «አንድ ሁለት ቃል» ብዬ አለፍኩ። አቅፋው አለቀሰች፤ እኔ መነጽሬን ስወለውል አመሸሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐሙስ ማታ መቅደስ አንድ ወረቀት አምጥታ «አባዬ፣ እስቲ ፊደሉን እይልኝ» አለችኝ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሰኞ ጠዋት ልታስገባው ነው። የክፍል ኃላፊነቱን ሊሰጧት ተቃርበዋል፤ ስንት ዓመት እንደደከመችለት ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ማታ ማታ ስትማር እንቅልፍ እንዳይወስዳት አብረሽ ትቀመጪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ደብዳቤው «በገጠመኝ የቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» ይላል።

ጽጌ፣ የቤተሰብ ጉዳዩ እኔ ነኝ።

አነበብኩት። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎታል። ጨመርኩና መለስኩላት። «እጅህ ይባረክ» አለችኝ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እጄን ማየት አስጠልቶኛል። ይህን የምጽፍልሽ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ናሆምን እናቱ ፀሐይ ልታሳየው ይዛው ወርዳለች። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አስቀምጬ እነግራታለሁ። ስድስቱን ሰዓት፣ ሰባቱንም፣ መጫወቻዎቹን እንደምበትናቸው፣ ሶፋ ስር የምትገባዋን ሳትቀር። ወረቀቱን ቅደጂው እላታለሁ፤ የምትለቂው የእኔን ጥፋት ተሸክመሽ እንዳይሆን እላታለሁ። ልትቆጣ ትችላለች። ልጇን ከእኔ ጋር አልተውም ልትል ትችላለች፤ ብትልም አልፈርድባትም። የምፈራው ዝም ብላ እንዳታየኝ ነው። አንቺ ስትናደጂ እንደዚያ ነበርሽ፤ ከአንቺ ወርሳዋለች።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ አንቺን መቼም አልረሳሁሽም፣ የረሳሁት ያልሽኝን ነው። ከእንግዲህ ፎቶሽን እያየሁ ሳይሆን አፌን ከፍቼ ነው የማስታውስሽ። ናሆም አያቱ ማን እንደነበረች፣ እንዴት እንደምትስቅ፣ ባሏን በምን በምን እንደምትተርበው ከእኔ አፍ ይሰማል። ባይመልስልኝም እነግረዋለሁ።

የአንቺው
ደምሴ

ከፈረምኩ በኋላ የምጨምረው አለ። ከነገው በፊት ኑዛዜዬ ትንሽ ቀለል እንዲል ብዬ፣ ስልኩ የመዘገበውን ለማስጠፋት ከሰዓት ሜክሲኮ ደርሼ መጣሁ። ማለቴ ሁሉንም አይደለም፤ ሰባት ሰዓት የሞሉትን ቀናት ብቻ። ስልክ የምትጠግነው ሴትዮ ነካ ነካ አደረገችና «አባባ፣ ይሄ አካውንት እኮ በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ነው፤ መቅደስ ማን ናት?» አለችኝ።

ስልኩን ገዝታ፣ በራሷ አካውንት ከፍታ የሰጠችኝ መቅደስ ናት። ናሆም ያየው ሁሉ፣ ከእነሰዓቱ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእሷም ስልክ ላይ ሲታይ ኖሯል።